«ሲቲዝን ኬን» ደረጃው ቢወርድ ስሙ አልወረደም

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ

የተከበሩ አዘጋጅ ሆይ፣

በኪነ ጥበብ ዓምዳችሁ ስለ ቀደምት የአሜሪካ ፊልሞች የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አነበብኩት። ጸሐፊው «ሲቲዝን ኬን» የተባለው የኦርሰን ዌልስ ፊልም ለሃምሳ ዓመት ከያዘው የአንደኝነት ደረጃ መውረዱን መነሻ አድርገው፣ ፊልሙ ዘመን ያለፈበት፣ ሃያስያን ከልማድ የተነሣ ሲያሞግሱት የኖሩትና ዛሬ የፊልም ተማሪ ካልሆነ በቀር ማንም የማያየው ሥራ ነው ወደሚል ድምዳሜ ደርሰዋል። ጽሑፉ በትጋት መዘጋጀቱን አልክድም፤ አስተያየቱንም ብዙ ሰው እንደሚጋራው እገምታለሁ። ይሁን እንጂ ደረጃንና ስምን አንድ አድርጎ ስላየ፣ በዚያም ላይ ስለ ፊልሙ ታሪክ ሲነገሩ የኖሩ ሁለት ስሕተቶችን እንደ እውነት ስለ ደገመ፣ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ ስለ ደረጃው ልናገር። ምንጩ «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» የተባለው የብሪታንያ የፊልም መጽሔት ነው። መጽሔቱ ከ1952 ጀምሮ በየአሥር ዓመቱ የልዩ ልዩ አገሮችን ሃያስያን እየጠየቀ እያንዳንዳቸው አሥር አሥር ፊልም እንዲመርጡ ያደርጋል፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ፊልም በስንት ሰው ዝርዝር ውስጥ እንደገባ ይቆጠራል። ስለዚህ አንደኛ የሚወጣው ፊልም ብዙዎች ከአሥሩ እንደ አንዱ የቆጠሩት ነው እንጂ ሁሉም ተስማምተው ከሁሉ ያስበለጡት አይደለም። በ2012 የአልፍሬድ ሂችኮክ «ቨርቲጎ» «ሲቲዝን ኬን»ን ሲቀድም፣ ድምፅ ከሰጡት 846 ሰዎች መካከል «ቨርቲጎ»ን የጠቀሱት 191፣ «ሲቲዝን ኬን»ን የጠቀሱት ደግሞ 157 ነበሩ። ልብ ይሏል፤ አንደኛ የወጣውን ፊልም እንኳ ከሦስት አራተኛ የሚበልጡት ድምፅ ሰጪዎች በዝርዝራቸው አላካተቱትም። በ2022 የድምፅ ሰጪዎቹ ቁጥር ወደ 1,639 ሲያድግ የቤልጅጓ ሻንታል አከርማን «ዣን ዲልማን» አንደኛ፣ «ቨርቲጎ» ሁለተኛ፣ «ሲቲዝን ኬን» ሦስተኛ ሆኑ። በዚያው ዓመት ዳይሬክተሮች ለብቻቸው በሰጡት ድምፅ ደግሞ «ሲቲዝን ኬን» ሁለተኛ ወጥቷል። በዓለም ላይ ከተሠሩት ፊልሞች ሁሉ መካከል፣ ከወጣ ከ81 ዓመት በኋላ ሃያስያን ሦስተኛ፣ የሙያው ሰዎች ሁለተኛ ያደረጉትን ሥራ «ወደቀ» የሚያሰኘው ሚዛን የትኛው እንደሆነ አይገባኝም።

ጸሐፊው ያላነሱት ሌላም ነገር አለ። መጽሔቱ ድምፅ ማሰባሰብ በጀመረበት በ1952 «ሲቲዝን ኬን» ከመጀመሪያዎቹ አሥር ፊልሞች ተርታ እንኳ አልገባም ነበር። የዚያ ጊዜው አንደኛ የቪቶሪዮ ዴ ሲካ «የብስክሌት ሌቦች» ሲሆን፣ ለእይታ ከበቃ ገና አራት ዓመቱ ነበር። «ሲቲዝን ኬን» አንደኛ የሆነው በ1962 ነው፤ ከዚያም በ1972፣ በ1982፣ በ1992 እና በ2002 የቀደመው አልነበረም። እንግዲህ ዘውዱን ደፍቶ አልተወለደም ማለት ነው። በ1952 ከአሥሩ ውጭ የነበረ ፊልም በ1962 ከሁሉ በላይ ሲቀመጥ፣ በመካከሉ ባለፉት ዓመታት አንዲት ትዕይንት እንኳ አልተጨመረችበትም። የተለወጠው የሚያየው ሰው ነው፤ ብዛቱም ማንነቱም።

የዚህ ታሪክ መጀመሪያ ጋዜጣን የሚመለከት ስለሆነ በጋዜጣ ላይ ቢነገር ቦታው ነው። ዌልስ በ1938 «የዓለማት ጦርነት» የተባለውን ድራማ በሬዲዮ አቅርቦ ስሙ በመላ አሜሪካ ከናኘ በኋላ፣ አር.ኬ.ኦ. የተባለው የሆሊውድ ስቱዲዮ በ1939 ገና 24 ዓመቱ ለነበረና አንድም የሲኒማ ቤት ፊልም ሠርቶ ለማያውቅ ለዚህ ወጣት ያልተለመደ ውል ሰጠው። የፊልሙ የመጨረሻ ቅርጽ የሚወሰነው በስቱዲዮው ሳይሆን በዳይሬክተሩ እንደሆነ በውሉ ሰፍሮ ነበር። ዌልስ ከኸርማን ማንኪዊትዝ ጋር የጻፈው ታሪክ ቻርልስ ፎስተር ኬን የተባለ የጋዜጦች ባለቤትን ሕይወት ይተርካል፤ የኬን ብዙ ነገሩ በዚያን ጊዜ በሕይወት ከነበረው ከጋዜጣው ቱጃር ከዊልያም ራንዶልፍ ኸርስት የተቀዳ መሆኑን ለመረዳት ምርምር አያስፈልግም ነበር። ኸርስትም ጋዜጦቹ የፊልሙን ማስታወቂያ እንዳያወጡ አደረገ። የኤም.ጂ.ኤም. ስቱዲዮ አለቃ ሉዊስ ሜየር፣ ፊልሙ ለሕዝብ ሳይቀርብ ነጋቲቩ፣ ማለትም ዋናው ቅጂው፣ እንዲጠፋ፣ ለአር.ኬ.ኦ. ከ800,000 ዶላር በላይ እንክፈል የሚል ሐሳብ አቀረበ፤ ገንዘቡ ፊልሙ የፈጀውን ወጪ የሚጠጋ ነበር። የአር.ኬ.ኦ. ፕሬዚዳንት ጆርጅ ሼፈር እምቢ አለ። ይህ ሰው ስለ ፊልሙ በሚጻፉ ጽሑፎች ውስጥ ስሙ እምብዛም አይነሣም፤ እሱ እሺ ብሎ ቢሆን ኖሮ ግን ዛሬ እኔም የምጽፈው፣ ጸሐፊውም የሚነቅፉት ነገር ባልኖረ ነበር።

ፊልሙ ሜይ 1 ቀን 1941 በኒው ዮርክ ፓላስ ቲያትር ተመረቀ። ኸርስትን የፈሩ ሲኒማ ቤቶች ግን ሊያሳዩት አልደፈሩም፤ የኪራዩን ገንዘብ ከፍለው ፊልሙን ሳያሳዩ ያስቀመጡትም ነበሩ። ስቱዲዮው ወደ 150,000 ዶላር ከሰረ። ለዘጠኝ የአካዳሚ ሽልማት ታጭቶ ያገኘው አንዱን ብቻ፣ የፊልም ጽሑፍን ሽልማት ነው። ከዚያ በኋላ ኮፒው ወደ መጋዘን ተመለሰ።

የጽሑፉ የመጀመሪያ ስሕተት የሚገኘው እዚህ ላይ ነው። ጸሐፊው «በጊዜው የነበሩ ሃያስያን አልተረዱትም፤ ኋላ የመጡት ናቸው ያነገሡት» ብለዋል። አሳዛኝ ታሪክ ስለሆነ ለተረት ይመቻል፤ እውነቱ ግን ሌላ ነው። የ«ኒው ዮርክ ታይምስ» ሃያሲ ቦስሊ ክራውዘር ፊልሙ በተመረቀ ማግስት እጅግ አድንቆ ጽፎለታል። የኒው ዮርክ የፊልም ሃያስያን ማኅበርም የ1941 ምርጥ ፊልም ብሎ የሸለመው «ሲቲዝን ኬን»ን ነው። ፊልሙን ያላየው ሃያሲው ሳይሆን ሕዝቡ ነው፤ ሕዝቡም ያላየው ጠልቶት ሳይሆን በሰፈሩ ሲኒማ ቤት ስላልታየ ነው። በመጥፎ ሂስና በማፈን መካከል ያለውን ልዩነት ከማንም በላይ ጋዜጣ የሚሠራ ሰው ይረዳዋል ብዬ አምናለሁ።

አውሮፓ በጦርነት ውስጥ ስለነበረች በፈረንሳይ ፊልሙ የታየው በ1946 ነው። በዚያ የገጠመው አቀባበል ደግሞ አንድ ወጥ ውዳሴ አልነበረም። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዣን-ፖል ሳርትር ፊልሙን አስቀድሞ በአሜሪካ አይቶት ስለነበር በ1945 ገና ለፈረንሳይ ተመልካች ሳይቀርብ ነቅፎታል፤ ነገሩ ሁሉ ባለፈ ጊዜ የሚተረክ፣ ከሕዝብ የራቀ የምሁር ሥራ ነው ብሎ። ሃያሲው አንድሬ ባዜን በበኩሉ ለፊልሙ ጥብቅና ቆሞ ስለ አሠራሩ ዛሬም ድረስ የሚጠቀስ ትንተና ጻፈ። ከባዜን ጎን ካደጉት ወጣቶች አንዱ ፍራንሷ ትሩፎ፣ ኋላ ራሱ ዳይሬክተር ሆኖ በ1973 በሠራው «ዴይ ፎር ናይት» በተባለው ፊልም ውስጥ፣ አንድ ልጅ በሌሊት ከተዘጋ ሲኒማ ቤት ደጃፍ የ«ሲቲዝን ኬን»ን ፎቶግራፎች ሲሰርቅ ያሳየናል። በአሜሪካ ደግሞ አር.ኬ.ኦ. የፊልም ክምችቱን ለቴሌቪዥን ሸጠ፤ «ሲቲዝን ኬን»ም በ1956 በቴሌቪዥን መታየት ጀመረ፤ በሲኒማ ቤቶችም እንደገና ወጣ። በ1941 ሊያየው ያልቻለው ሰው ልጁን ይዞ ቤቱ ቁጭ ብሎ አየው። የ1962ቱ ድምፅ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሰው ያላየውን ሊመርጥ አይችልምና፣ የአንድ ፊልም ዝና ሲጻፍ የሃያስያኑን ያህል የኮፒውና የማሰራጫው ታሪክም መጻፍ አለበት። «ቨርቲጎ»ም ቢሆን ሂችኮክ ለዓመታት ከእይታ አግዶት ቆይቶ በ1980ዎቹ እንደገና ለሕዝብ ከቀረበ፣ በ1996ም ታድሶ ከወጣ በኋላ ነው እስከ አንደኝነት ደረጃ የደረሰው።

ሁለተኛው ስሕተት ከወዳጅ የመጣ ስሕተት ነው። ጽሑፉ ፊልሙን ከመንቀፉ በፊት «ከቅርብ እስከ ሩቅ ያለውን ሁሉ አጥርቶ የሚያሳይ ምስልና ጣሪያው የሚታይ ክፍል ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በዚህ ፊልም ነው» ይላል፤ ቀጥሎም «ይህ ዛሬ ማንም የሚያደርገው ስለሆነ ፊልሙ የሚያስደንቅ ነገር አልቀረውም» ብሎ ይደመድማል። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ትክክል ስላልሆነ ሁለተኛው የሚቆምበት መሠረት የለውም። በ1939 የወጣው የዣን ሬኗር «የጨዋታው ሕግ» ሰዎችን በሩቅና በቅርብ ባንድ ምስል አሰልፎ ያሳያል፤ በዚያው ዓመት የወጣው የጆን ፎርድ «ስቴጅኮች» ውስጥ ጣሪያ ይታያል፤ ዌልስም ፊልም መሥራት የተማርኩት ይህን የፎርድን ሥራ ደጋግሜ በማየት ነው ብሎ ሳይደብቅ ተናግሯል። የካሜራው ባለሙያ ግሬግ ቶላንድ ራሱ ወደ ዌልስ ሄዶ አብሬህ ልሥራ ያለው ቀደም ሲል በሌሎች ፊልሞች የሞካከረውን ነገር እስከ ጥግ ድረስ ለመውሰድ ፈልጎ ነው፤ ዌልስም በፊልሙ የስም ዝርዝር ላይ የቶላንድን ስም ከራሱ ስም ጋር ባንድ ገጽ ላይ አሰፈረለት። የፊልሙ ክብር የፈጠራ ባለቤትነት ምስክር ወረቀት ላይ የተመሠረተ ቢሆን ኖሮ በእርግጥም ባረጀ ነበር።

ነገሩ ምን እንደሆነ አንድ ትዕይንት በቅርብ አይተን ብንመረምር ይሻላል። ዘመኑ 1871፣ ቦታው ኮሎራዶ፣ ወራቱ ክረምት ነው። ትንሹ ቻርልስ ውጭ በበረዶ ላይ ይጫወታል። ካሜራው ከልጁ ተነሥቶ በመስኮቱ በኩል ወደ ቤት ውስጥ ያፈገፍግና ክፍሉን አቋርጦ ጠረጴዛው ዘንድ ይደርሳል፤ እናቱ ከባንክ ሠራተኛው ከታቸር ጋር ተቀምጣ፣ ልጇን ለባንኩ ሞግዚትነት አሳልፋ የምትሰጥበትን ወረቀት ትፈርማለች። አባትየው በመካከል ቆሞ ይከራከራል፤ የሚሰማው ግን የለም። በዚህ ሁሉ ጊዜ ልጁ ከኋላ በመስኮቱ ክፈፍ ውስጥ ትንሽ ሆኖ፣ ነገር ግን ጥርት ብሎ ይታያል፤ የጨዋታው ጩኸት ይሰማል። ሌላ ዳይሬክተር ቢሆን የእናቲቱን ፊት፣ ቀጥሎ የልጁን፣ ቀጥሎ የወረቀቱን ምስል እየቆራረጠ «አሁን ይህን ተመልከቱ» ይለን ነበር። እዚህ ግን የሚፈረድበትና የሚፈርደው ባንድ ምስል ውስጥ አሉ፤ ማንን ማየት እንዳለብን የሚነግረን የለም። እናቱን የምትጫወተው አግነስ ሙርሄድ ፊቷ እንደ ድንጋይ ደርቆ ሳለ፣ ይህን የምታደርገው ጨክና ይሁን አዝና አንድም ቃል ሳይነገረን ለመወሰን እንገደዳለን። ይህን ትዕይንት ለማድነቅ የሌንስ ዕውቀት አያስፈልግም።

ሌላው የቁርሱ ትዕይንት ነው። ኬንና የመጀመሪያ ሚስቱ ኤሚሊ ባንድ ገበታ በስድስት አጫጭር ክፍሎች ይታያሉ፤ በመጀመሪያው ጎን ለጎን ተቀምጠው ሊለያዩ አይፈልጉም፤ በመጨረሻው በረጅም ጠረጴዛ ጫፍና ጫፍ ሆነው እሱ የራሱን ጋዜጣ፣ እሷ የተፎካካሪውን ጋዜጣ በዝምታ ያነባሉ። አንድ ትዳር የፈረሰበት ዓመታት ሁሉ በጥቂት ደቂቃ ያልቃል፤ የበርናርድ ኸርማን ሙዚቃ በየክፍሉ እየጠቆረ ይሄዳል። ዛሬ ባለ አሥር ክፍል ተከታታይ ድራማ ይህን ለመንገር ሰዓታት ይፈጃል፤ እንዲህ ያለው ቁጥብነት እንዴት «ዘመን ያለፈበት» ሊባል እንደሚችል ጸሐፊውን ብጠይቅ ደስ ይለኛል።

ስለ ፊልሙ ከሚነገሩት ውዳሴዎች አንዳንዶቹ ራሳቸው መፈተሽ እንዳለባቸው አምናለሁ። የኬን ሁለተኛ ሚስት ሱዛን ራሷን ለመግደል መድኃኒት ጠጥታ በተኛችበት ትዕይንት ከፊት ብርጭቆና ማንኪያ ገዝፈው ይታያሉ፤ ከመካከል እሷ በጨለማ ታቃስታለች፤ ከኋላ የተዘጋ በር አለ፤ ከበሩ ማዶ ኬን ያንኳኳል። ይህ ትዕይንት የአንድ ሌንስ ተአምር ተደርጎ ብዙ ተጽፎለታል፤ በኋላ የተደረገው ጥናት ግን ምስሉ የተገኘው አንዱን ፊልም ካሜራው ውስጥ እንዳለ ወደ ኋላ መልሶ ሁለት ጊዜ በማንሣት እንደሆነ አሳይቷል። ለእኔ ይህ ትዕይንቱን አያሳንሰውም፤ እንዲያውም ሰዎቹ ለሚፈልጉት ስሜት ሲሉ በማናቸውም ዘዴ ከመጠቀም እንደማይመለሱ ያሳያል። ነገር ግን ዝናው በከፊል በተሳሳተ ምክንያት ሲነገር እንደኖረ መቀበል ይገባል።

የፊልሙን ጽሑፍ ማን ጻፈው የሚለው ክርክርም እንደዚሁ ነው። በ1971 ሃያሲዋ ፖሊን ኬል የጽሑፉ ክብር የማንኪዊትዝ ነው ብላ ረጅም ጽሑፍ አወጣች፤ በዓመቱ ፒተር ቦግዳኖቪች መልስ ሰጣት፤ ሮበርት ካሪንጀር ደግሞ የስቱዲዮውን ሰነዶች አገላብጦ ሁለቱም እንደጻፉት አሳየ። ለእኔ ነገሩ በዚህ ተዘግቷል።

ይልቅስ የፊልሙ ዝና የጎዳት አንዲት ሴት አለች፤ ነቃፊ የሚሆን ሰው ሊነቅፍበት የሚገባው ጉዳይ ይህ ነበር። በፊልሙ ውስጥ ኬን ሁለተኛ ሚስቱን ሱዛን አሌክሳንደርን ያለ ችሎታዋ የኦፔራ ዘፋኝ ለማድረግ ኦፔራ ቤት ያሠራላታል፤ እሷም በሕዝብ ፊት ትዋረዳለች። ኬን ኸርስት ከሆነ ሱዛን የኸርስት የረጅም ዘመን ወዳጅ ተዋናይቷ ማሪዮን ዴቪስ ናት ብሎ ሰው ሁሉ ደመደመ። ዴቪስ ግን ችሎታ የሌላት ሴት አልነበረችም። በ1928 በኪንግ ቪዶር ዳይሬክተርነት በተሠራው «ሾው ፒፕል» ላይ ያየቻት ዓይን ሁሉ እንደሚመሰክረው የተዋጣላት የኮሜዲ ተዋናይ ነበረች፤ ኸርስት ነበር በታሪካዊ ድራማ ካልታየሽ እያለ ያስቸገራት። ኸርስት በ1930ዎቹ ዕዳ ሲያንቀው አንድ ሚሊዮን ዶላር ያህል ከራሷ ገንዘብ አውጥታ የረዳችውም እሷ ናት፤ በ1951 እስኪሞት ድረስም አልተለየችውም። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንዲሉ፣ የእሷ ስም ግን ከመቃብር በላይ የዋለው የእሷ ባልሆነ ታሪክ ነው። ዌልስ ራሱ ይህ ሲከነክነው ኖሮ፣ ከሞተች በኋላ በ1975 ለታተመው ማስታወሻዋ መቅድም ጽፎ ሱዛን ማሪዮን ዴቪስን እንደማትመስል መስክሮላታል። መቅድምን የሚያነብ ሰው ግን ፊልምን ከሚያይ ሰው ጋር በቁጥር አይወዳደርም።

«ሲቲዝን ኬን» ቀዝቃዛ ነው፣ ለአእምሮ እንጂ ለልብ አይናገርም የሚለው የጸሐፊው ነቀፌታ አዲስ አይደለም። ሳርትር እንዲሁ ብሏል፤ አርጀንቲናዊው ደራሲ ቦርኸስም በ1941 በቦነስ አይረስ በጻፈው ሂስ ፊልሙን ማዕከል ከሌለው ጥልፍልፍ መንገድ ጋር አመሳስሎታል። እነዚህ ተራ ሰዎች አይደሉም፤ ነቀፌታቸውም ከብዙ ሙገሳ ይበልጣል። እኔ የምለው፣ ፊልሙን በአንደኝነቱ ምክንያት እንደ ፈተና ተቀምጠው ያዩት ሰዎች ሙቀቱ ያለበትን ቦታ ያልፉታል። የኬን የቀድሞ የሥራ ባልደረባ በርንስታይን አርጅቶ ቢሮው ውስጥ ተቀምጧል። ኬን ሲሞት የተናገረውን የመጨረሻ ቃል ትርጉም የሚፈልግ ጋዜጠኛ መጥቶ ስለ ቃሉ ይጠይቀዋል። ሽማግሌው ሰው ምን ሊያስታውስ እንደሚችል አይታወቅም ይልና በ1896 በጀልባ ሲሻገር ከሌላ ጀልባ ላይ ለአንድ አፍታ ስላያት ነጭ ልብስ ስለለበሰችና ነጭ ጃንጥላ ስለያዘች ልጅ ይነግረዋል። እሷ አላየችውም፤ እሱ ግን እሷን ሳያስብ የዋለበት ወር የለም። ታሪኩን አንድ እርምጃ እንኳ የማያስኬድ ንግግር ነው፤ ኤቨረት ስሎን ተቀምጦ ያወራል፣ እኛ እናዳምጣለን። ይህን ሰምቶ ፊልሙ ልብ የለውም የሚል ሰው ካለ፣ ከእሱ ጋር መከራከሩን እተዋለሁ።

ጋዜጣ ለሚያዘጋጅ ሰው ደግሞ የሊላንድ ትዕይንት አለ። ጆሴፍ ኮተን የሚጫወተው ሊላንድ የኬን የልብ ጓደኛና የጋዜጣው የቲያትር ሃያሲ ነው። የሱዛንን መጥፎ ዘፈን ሰምቶ እውነቱን ለመጻፍ ይጀምርና ሰክሮ በጽሕፈት መኪናው ላይ ይተኛል። ኬን ሌሊት መጥቶ ያነባል፤ ከዚያም ሚስቱን የሚያዋርደውን ሂስ በዚያው በተጀመረበት መንፈስ ራሱ ይጨርሰዋል። ጓደኛውንም ከሥራ ያባርረዋል። ይህ ሰው ሐቀኛ ነው ወይስ ትዕቢተኛ? ፊልሙ አይመልስም። የኬን የመጨረሻ ቃል ምስጢር ለአሥርት ዓመታት በቀልድና በካርቱን ሳይቀር ሲነገር ኖሮ ማንም የሚያውቀው ሆኗል (ላልሰማ ሰው ስል እዚህ አልጽፈውም)፤ ምስጢሩ ወጥቶም ፊልሙ መታየቱን አላቆመም፤ የሊላንድ ጥያቄ ስላልተመለሰ ይመስለኛል።

የ2022ቱ ውጤት ለእኔ የውርደት ዜና አይደለም። ለረጅም ጊዜ ድምፅ የሚሰጡት በአመዛኙ ከጥቂት አገሮች የመጡ ወንዶች ነበሩ፤ ጠያቂው ክበቡን ሲያሰፋ መልሱ መለወጡ የሚጠበቅ ነው። በ1975 የወጣው የአከርማን ፊልም የአንዲትን የቤት እመቤት ሦስት ቀናት ከሦስት ሰዓት በላይ በሚፈጅ ትዕግሥት ያሳያል፤ አሠራሩ ከዌልስ ችኮላ ፍጹም ተቃራኒ ነው። ሁለቱም ዳይሬክተሮች ግን ሥራቸውን ሲሠሩ በሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ላይ የነበሩ ናቸው፤ ወጣት የሠራውን ፊልም ወጣት የሠራው ፊልም ቀደመው። ከዚህ ይልቅ የሚያስቀው የ2021 ነገር ነው፤ ሮተን ቶሜቶስ የተባለው የሃያስያንን አስተያየት የሚያሰባስብ ድረ ገጽ የ«ሺካጎ ትሪቢዩን»ን የ1941 ነቀፌታ አግኝቶ ከመዝገቡ ስላስገባ፣ የፊልሙ ውጤት ከ100 ወደ 99 በመቶ ዝቅ አለ፤ ይህም የዓለም ዜና ሆነ። በሰማንያ ዓመቱ አንድ ነጥብ ሲቀነስበት ዜና የሚሠራለት ፊልም የተረሳ ፊልም አይደለም።

እንግዲህ የተከበሩ አዘጋጅ ሆይ፣ ልመናዬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ በ1941 የነበሩ ሃያስያን ፊልሙን እንዳልተረዱት የተጻፈውና ጥርት ያለ ጥልቀት ያለው ምስልና ጣሪያ ያለው ክፍል በዚህ ፊልም እንደተጀመሩ የተጻፈው፣ ሁለቱም በሚቀጥለው እትማችሁ እንዲታረሙ እጠይቃለሁ። ሁለተኛ፣ ወደፊት እንዲህ ያለ የደረጃ ዝርዝር ስታትሙ ከፊልሙ ስም ጎን ስንት ሰው ድምፅ እንደሰጠና ከነዚያ ውስጥ ስንቱ ፊልሙን እንደጠቀሰ አብራችሁ ብታሰፍሩ፣ የሚወስደው ቦታ ከአንድ ዓምድ መስመር አይበልጥም።

ከአክብሮት ጋር፣

የዓምዱ ቋሚ አንባቢ